በሽተኛው መንገድ ላይ ሳለ

የአንኮበር ታሪክ ሲጻፍ ቤተ መንግሥቱ፣ ገበያው፣ ከባሕር የሚመጣው የነጋዴ ቅፍለት፣ የነገሥታቱ ግብር ይጻፋል። ከቆላው ወደ ደጋው በሽተኛ እንዴት ይወጣ እንደነበር የሚያነሣ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። እኔ ነገሩን የምከታተለው በሥራዬ ምክንያት ነው። ሙያዬ ነርስነት ነው፤ ዛሬ በሰሜን ሸዋ የአምቡላንስ ሕክምና ክሊኒካል ኦዲት እሠራለሁ። በሽተኛው ከቤቱ ከተነሣ ጀምሮ ሆስፒታል በር እስኪደርስ ምን ተደረገለት፣ ምን ሊደረግለት ይገባ ነበር፣ የጎደለውስ በምን ይሞላል የሚለውን ከመዝገብ እያወጣሁ አያለሁ፤ ከባለሙያዎቹ ጋር ተነጋግረን አንድ ነገር እንለውጣለን፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ለውጡ መምጣቱን ደግሜ አያለሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው መዝገብ ሲኖር ነው። ያገራችንን የበሽተኛ ጉዞ ወደኋላ ሄጄ እንድፈልግ ያደረገኝም ይኸው የመዝገብ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስለ መሬቱ ልናገር፤ እሱን ሳያውቁ የቀረው አይገባም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከቆረቆሯት ወዲህ ውርጭና ንፋሷ አልተለወጠም። ከእሷ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደጋው ድንገት ያልቃል። አንኮበር የተቀመጠችው በዚያ አፋፍ ላይ ነው። ከሥሯ አልዩ አምባ፣ ከአልዩ አምባ ወዲያ እየሞቀ እስከ አፋር ሜዳ የሚወርድ ቆላ ነው። ስለዚህ በቆላው ወባ የያዘው ወይም ምጥ የጠናባት ሕክምና ሲፈልጉ ሺህ ሜትርና ከዚያ በላይ ሽቅብ መውጣት አለባቸው። በመንዝና በጀማ ሸለቆ በኩልም ያለው ነገር ይኸው ነው፤ ሸለቆው ጥልቅ፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በገዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841፣ በካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አንኮበር ገባ። ከቡድኑ ጋር ዶክተር ከርክ የሚባል ሐኪም ነበር። ፈረንጅ ሐኪም መጣ ሲባል አገሬው መድኃኒት ፍለጋ ወደ ሰፈሩ መጉረፉን ሃሪስ በመጽሐፉ አስፍሯል። በማግሥቱ ዓመት ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም በአፋር በረሃ አቋርጦ መጣና አልዩ አምባ ተቀመጠ፤ እሱ ራሱ ንዳድ እየተመላለሰበት ብዙ ተሠቃየ። እነዚህ ሰዎች ስለ ሸዋ ብዙ ጽፈዋል። ስለ በሽተኛ የጻፉት ግን ፊታቸው ቀርቦ ካዩት በኋላ ያለውን ነው። እዚያ እስኪደርስ ማን ተሸከመው፣ ስንት ሌሊት አደረ፣ አብሮት ተነሥቶ ያልደረሰውስ ማን ነው የሚለው ከጽሑፋቸው ውጭ ነው።

ጆንስተን አልዩ አምባ በንዳድ በተኛበት በዚያው 1842 ዶሚኒክ ላሬ ፈረንሳይ ውስጥ ሞተ። ላሬ የናፖሊዮን ጦር ቀዶ ሐኪም ነበር። ከእሱ በፊት ቁስለኛ ውጊያው እስኪያበቃ የወደቀበት ይቆይ ነበር፤ እሱ ግን በፈረስ የሚጎተት ቀላል ጋሪ አሠርቶ፣ ውጊያው ሳይበርድ ቁስለኛውን እያነሣ ያክም ጀመር። የማዕረግ ልዩነት ሳያደርግ ቁስሉ የከፋውን አስቀድሞ ማንሣትም ከእሱ ጋር የሚነሣ ሥርዐት ነው። ዛሬ አምቡላንስ የምንለው ነገር ዘሩ ከዚያ ነው። መንገዱ ራሱ የሕክምናው አካል ነው ብሎ ያመነ ሐኪም በመሆኑ ታላቅነቱን አከብራለሁ።

ወደ አገራችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1876 የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን መጡ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጧቸው። መሪያቸው ማርኪስ አንቲኖሪ በጠመንጃ አደጋ እጁን ተጎድቶ እዚያው ተቀመጠ፤ በ1882 የሞተውም እዚያው ነው። ከእሱ በኋላ በጣቢያው የተቀመጡት ራጋዚና ትራቨርሲ ሐኪሞች ነበሩ። አንኮበር እንግዲህ ሐኪም ሲመጣባት ቆይታለች፤ ሐኪሙ ግን አንድ ቦታ ተቀምጦ በሽተኛውን ይጠብቃል። ከዐድዋ በኋላም ነገሩ ያው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተዋጋው ጦር የሸዋው ክፍል ቁስለኛውን በበቅሎና በቃሬዛ ይዞ ረጅሙን አገር አቋርጦ ተመለሰ። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በዚያው ዓመት በሐረር በኩል ገብተው አዲስ አበባ ላይ ቁስለኛ አከሙ። ያከሙት ግን ከዐድዋ ተነሥቶ ለመድረስ ዕድሜ የበቃውን ነው። ሆስፒታል ሁልጊዜ የሚቆጥረው የደረሰውን ነው፤ መንገድ ላይ የቀረው በየትም መዝገብ አይገባም። እኔ የምሠራበት ክፍተት ይኸው ነው፤ ዕድሜው ከዐድዋም በላይ ነው።

አሁን ቃሬዛን ላንሣ። ቃሬዛ ሁሉ አንድ የሚመስለው ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ነው። በእኛ በኩል ሁለት ዓይነት አውቃለሁ። አንደኛው ራሱ የጠፍር አልጋው ነው፤ በሽተኛው ከተኛበት ሳይነቃነቅ አልጋው በዘንግ ላይ ይታሰርና ይነሣል። ደህና ነገር አለው፤ የተሰበረ ሰው አይገላበጥም። ክፉ ነገሩ ክብደቱ ነው፤ የአንኮበርን ዳገት አልጋ ተሸክሞ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የወጣው ያውቃል። ሁለተኛው በሁለት ረጃጅም እንጨቶች መካከል ገመድ ወይም ጠፍር ተወጥሮ የሚሠራው ነው። ላዩ ላይ ጋቢ ይነጠፋል፤ ደጋ ከሆነ ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራው ባና ይደረባል። በሽተኛው እንዳይንሸራተት በነጠላ ወይም በመቀነት ደረቱና ጭኑ ላይ ይታሰራል። ተሸካሚ በአንድ ጊዜ አራት ነው፤ የሚለውጥ ሌላ አራት አብሮ ይሄዳል፤ ዳገት ከሆነ ከዚያም ይበዛል። ለውጡ ሲደረግ ቃሬዛው መሬት አይነካም፤ ትከሻ ለትከሻ ይቀባበሉታል።

ይህን ሁሉ የሚያዘው ቅሬው ነው። ሌላ አገር ዕድር የሚባለው በእኛ ዘንድ ቅሬ ነው፤ ሬሳ ይቀብራል፣ ለቅሶ ያስተዛዝናል፣ በሽተኛም ያነሣል። ጥሪ ሲሰማ ያልመጣ መቀጫ ይከፍላል። ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ የሚሸከምበት ቅሬ አለ፤ ከአልዩ አምባ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ሁለቱም ፈጣሪያቸውን በየራሳቸው ቃል እየለመኑ አንዲት ወላድ ይዘው ሲወጡ ማየት የእኔ ትውልድም የደረሰበት ነገር ነው።

ዕድሜያቸውን በሙሉ ከአንኮበር በታች የኖሩ አንድ አባት፣ በጉልምስናቸው ብዙ ቃሬዛ ያነሡ፣ ስለ አሸካከሙ እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው።

«ዳገት ስንወጣ ራስጌው ይቀድማል፤ ቁልቁለት ስንወርድ ግርጌው ይቀድማል» አሉኝ። «ደም ወደ ራሱ እንዳይወርድበት ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች እንደሆነ በጀርባዋ አናስተኛትም፤ ትንፋሽ ያጥራታል። በጎኗ ነው።»

«ማን አስተማራችሁ አባባ?»

«አባቶቻችን ናቸዋ። እኛም ያየነውን እየጨመርን።»

ነፍሰ ጡርን በጎኗ ማስተኛት፣ በተለይ በግራ ጎኗ፣ ዛሬ አዋላጅ ነርሶችን የምናስተምረው ነው፤ ከባዱ ማሕፀን ወደ ልብ የሚመለሰውን የደም ሥር እንዳይጫን። ራስ ከፍ ይበል የሚለው ሕጋቸው ግን ለሁሉም አይሆንም። ወልዳ ደም እየፈሰሳት ላለች እናት ራሷን ከፍ ማድረግ የቀረውን ደም ከአንጎል ማራቅ ነው፤ እሷን በጀርባዋ አጋድሞ እግሯን ከፍ ማድረግ ይሻላል። አባቶቻችን ሳይማሩ ብዙ ደርሰውበታል። የትኛው ሕግ እንዳዳነ የትኛው እንደጎዳ ለመለየት ግን የተሸከሙትን ሁሉ መጨረሻ የሚያስታውስ ነገር ያስፈልጋቸው ነበር።

ይህንኑ ጠየቅኋቸው። መንገድ ላይ ስንት ሰው ሞተባችሁ አልኳቸው።

«እሱን ማን ይቆጥራል ልጄ! ነፍሱ ስትወጣ ቃሬዛውን አዙረን እንመለሳለን። የሚቀብረውም ያው የተሸከመው ሰው ነው።»

ከዚህ መልስ በላይ ስለ ሥራዬ የነገረኝ መጽሐፍ የለም። ሕክምና ፍለጋ የወጣው ሰው ሳይደርስ ሲሞት ጉዞው ወደ ቀብር ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሕክምና ጉዞ አይታሰብም።

ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተመሠረተ። የኢጣሊያ ጦርነት ደርሶ ነበርና ማኅበሩ ገና ሳይደረጅ ሥራ ላይ ወደቀ። የስዊድን፣ የእንግሊዝ፣ የኖርዌይ፣ የሆላንድ፣ የፊንላንድ፣ የግብፅ የሕክምና ጓዶች መጡ። ወደ ሰሜን ግንባር የሚሄደው ደሴ ላይ መሰብሰብ ነበረበት። የአገራችን ሰው ቀይ መስቀል ለመኪና ምልክት ሲሆን ያየው ያን ጊዜ ነው። ምልክቱ ግን አላስጣለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል በአውሮፕላን ተደበደበ። ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድኑ አምቡላንስ ተመታ፤ ጉናር ሉንድስትረም የተባለው የጓዱ አባል ሞተ፤ ድንኳን ውስጥ ተኝተው የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች አለቁ። የካቲት ላይ ደግሞ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዙ ጓድ ቆረም አጠገብ ቦምብ ወረደበት። እነዚህን ቀኖች የማነሣው በዘመናችን አምቡላንስ ሲመታ ስሰማ ነገሩ ለዚህ አገር አዲስ ስላልሆነ ነው።

የወራሪው ጦር ከደሴ ተነሥቶ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን አድርጎ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዓመታት ያንን መንገድ አሰፋው፣ ጣርማ በር ላይም ተራራውን በስቶ ዋሻ አወጣበት። መንገዱ የተሠራው ለጦር ነው። ነገር ግን ከድሉ በኋላ ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ በሽተኛ በመኪና የሚሄድበት መንገድ እሱ ሆነ። ዛሬም የእኛ አምቡላንስ ዐይን በሚጋርደው የጣርማ በር ጉም ውስጥ መብራቱን አብርቶ የሚያልፈው በዚያው ዋሻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ግማሽ ምዕት ዓመት ባጭሩ አልፈዋለሁ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከዚያ የወጡ የጤና መኮንኖች በየአውራጃው ጤና ጣቢያ ያዙ። ሐኪም ወደ ገጠር ቀረበ፤ ማጓጓዣው ግን አልቀረበም። በሽተኛው ቃሬዛ፣ ከቃሬዛ የጭነት መኪና፣ ከእህል ጆንያ ጋር። ዕድል የቀናው ላንድሮቨር ያገኝ ነበር።

ለውጡ የመጣው እኔ በሥራ ላይ ሆኜ ባየሁት ዘመን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠራ፤ ሴቶች ልጆች ሠልጥነው ቤት ለቤት ሄዱ። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ማደል ጀመረ፤ ነጩ ላንድክሩዘር፣ ሰዉ ሃርድቶፕ የሚለው። ለምን እንደታደለ ቁጥሩ ይነግራል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በጤና ተቋም የሚወለደው ከመቶ 5 ብቻ ነበር። በ2016ቱ ጥናት የእናቶች ሞት 412 ሆነ፤ በተቋም መውለድ 26 በመቶ ደረሰ፤ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ። ይህ ሁሉ የአምቡላንስ ሥራ ነው አልልም። ነገር ግን አምቡላንሱ ባይኖር ከአልዩ አምባ በታች ያለችው እናት ከነዚያ መቶኛዎች ውስጥ የምትገባበት መንገድ አይታየኝም። አዲስ አበባ ላይም ክብረት አበበ የተባለው የማደንዘዣ ባለሙያ ቤቱን ሸጦ ጠብታ አምቡላንስን ያቋቋመው ከዚህ ጥቂት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሆስፒታል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሳይታከሙ የሚደርሱትን እያየ የቆጨው ሰው ነው ያንን ያደረገው።

የእኔ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ አምቡላንስ ላይ ኦዲት ስጀምር መጀመሪያ የምጠይቀው መዝገቡን ነው። የሚሰጡኝ የመኪናውን የጉዞ መዝገብ ነው። ከየት ተነሣ፣ የት ደረሰ፣ ኪሎ ሜትሩ ስንት ነበር፣ ስንት ሆነ፣ ነዳጅ ስንት ሊትር ተሞላ፣ ማን ፈረመ። በጥንቃቄ የተያዘ ነው፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። በሽተኛዋ ግን የለችም። ከላይ «ወላድ» የሚል ቃል ሊኖር ይችላል። የደም ግፊቷ ስንት እንደነበር፣ ደም ይፈስሳት እንደሆነ፣ ኦክስጅን ተሰጥቷት እንደሆነ፣ ስትደርስ በሕይወት ነበረች ወይ፣ አንድም የለም።

ሾፌሮቹ መጀመሪያ ላይ ፈሩኝ። ኦዲተር ሲባል ነዳጅ የሚቆጥር መሰላቸው። አንዱ፣ ብዙ ሌሊት የነዳ፣ ትሑት ሰው፣ «ሲስተር፣ እኔኮ መኪናውን ነው የተረከብኩት፤ በሽተኛዋን ማን አስረከበኝ?» አለኝ። ልክ ነበር። ብዙ ጊዜ አጠገቧ የሚቀመጠው እናቷ ወይም ባሏ ነው፤ ነርስ አብሮ የሚሄደው ጤና ጣቢያው ሰው ሲተርፈው ነው። የተመደበ ሰው በሌለበት መዝገብ ስላልተያዘ ማንንም መውቀስ አይቻልም፤ መጀመሪያ ምደባው መስተካከል ነበረበት።

ከዚያ የሰዓቱ ነገር አለ። የሪፈር ወረቀቱንና የጉዞ መዝገቡን ጎን ለጎን ሳደርግ ተአምር የሚመስል ነገር አየሁ፤ መኪናው በሽተኛዋን ለመውሰድ ከመጠራቱ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ሆስፒታል ደርሷል። ሾፌሩ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ባለሙያው 2:00 ብሎ በፈረንጁ። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ማንም ተነሥቶ «አምቡላንሳችን በአማካይ በዚህ ደቂቃ ይደርሳል» ቢል አላምነውም። መጀመሪያ ያደረግነው ለውጥ መሣሪያ መግዛት አልነበረም፤ በአንድ ሰዓት፣ በእኛው ሰዓት፣ ሌሊትና ቀኑ ተለይቶ መጻፍ ብቻ ነበር። እንደ ትንሽ ነገር የሚቆጥረው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሠራናቸው ሁሉ እሱን አስቀድማለሁ።

ሌላው ከባሕር ጠለል ከፍታችን ጋር የመጣ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ነው። ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ ጤነኛውን የደጋ ሰው እንኳ ከባሕር ዳር ሰው ዝቅ አድርጋ ልታሳይ ትችላለች። ከውጭ የተቀዳ መመሪያ የሚያወጣውን ቁጥር እንዳለ ብንወስድ ለማያስፈልገው ሁሉ ኦክስጅን ስንሰጥ ሲሊንደሩ ጣርማ በር ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ መለኪያችንን ከዚህ አገር ሐኪሞች ጋር ተነጋግረን፣ የአተነፋፈሱን ቁጥርና የበሽተኛውን ሁኔታ አብሮ የሚያይ አደረግነው። ሲሊንደሩን የሚከፍተው መፍቻ መኪናው ውስጥ በገመድ እንዲታሰር ማድረጉም ከዚህ ያላነሰ ነው፤ ኦክስጅን ሞልቶ መፍቻ የጠፋበት ሌሊት ኦክስጅን የሌለበት ሌሊት ነው።

ስለ ጨቅላዎች ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ይቅርታ አልጠይቅም። የአዲስ የተወለደ ሕፃን ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ ሲወርድ በረደው ማለት ነው፤ በዚህ አገር የንጋት ውርጭ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ በፎጣ ተጠቅልሎ ለብቻው ሲሄድ ምን እንደሚደርስበት ማንም መገመት ይችላል። መድኃኒቱ እናቱ ናት። ልብሱን አውልቆ ደረቷ ላይ መለጠፍ፣ ራሱን በኮፍያ መሸፈን፣ ከላይ ባናውን መደረብ። ገንዘብ አይጠይቅም። ግን ሲደርስ ሙቀቱን ለክቶ የሚጽፍ ከሌለ ተደረገ አልተደረገ አይታወቅም። ሙቀቱ መጻፍ ሲጀምር፣ ለላኪው ጤና ጣቢያም በስልክ ሲነገረው፣ በፎጣ የሚመጡት እያነሱ ሄዱ። የደም ግፊት አስቸግሯት የምትንቀጠቀጥ እናትም እንዲሁ ናት፤ የማግኒዥየም ሰልፌት የመጀመሪያው መጠን ጤና ጣቢያው ላይ ተሰጥቷት መነሣት አለባት፤ ሆስፒታል ስትደርስ እንጀምርላታለን ማለት መንገዱን ለሕመሙ መተው ነው።

ይህ ዓይነቱ ሥራ በዓለም ላይም ቢሆን ዕድሜው ረጅም አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክሪሚያ ጦርነት ወታደሮቹን ከጥይት ይልቅ በሽታ እንደሚገድላቸው ያሳየችው ሞቱን በየምክንያቱ ለይታ በመቁጠር ነበር። ቦስተን ላይ ኧርነስት ኮድማን የሚባል ቀዶ ሐኪም እያንዳንዱ በሽተኛ ከታከመ በኋላ ተከታትለን መጨረሻውን እንወቅ፣ ውጤቱንም ለሕዝብ እናሳይ ብሎ ተነሣ፤ ባልደረቦቹ ጠሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1914 የሚሠራበትን ሆስፒታል ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ታዲየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እናቶችን የሚገድሉትን ሦስት መዘግየቶች ለይተው ጻፉ፤ ቤት ውስጥ ውሳኔ ላይ መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ተቋም ከደረሱ በኋላ ሕክምና እስኪጀመር መዘግየት። አገራችንም በ2005 ዓ.ም. የእናቶች ሞት ክትትልና ምላሽ የሚባለውን ሥርዐት ጀመረች፤ በተቋም ብቻ ሳይሆን በቤትና በመንገድ የሞተችውን እናት ጭምር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጠቁማ፣ ቤተሰቡ ተጠይቆ፣ ምክንያቱ እንዲጣራ ያዛል። ሕጉ አለ ማለት ነው። የጎደለው የቃሬዛው መዝገብ ነው።

ቃሬዛው ደግሞ አልቀረም። አምቡላንስ የሚገባው መኪና የሚያስገባበት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዛሬም ቅሬው ነው። ጦርነት ሲመጣ ይብሳል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ሲቃረብ፣ ከዚያም ወዲህ በየጊዜው መንገድ ሲዘጋ፣ መኪናው ቆሞ ትከሻ ተመልሷል። ስለዚህ በአምቡላንሱ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፤ «በሽተኛው ከቤት የተነሣበት ሰዓት»። መልሱ በሰዓት ቁጥር አይመጣም። አንዱ ዶሮ ሲጮህ ነው ይላል፣ ሌላው ቅዳሴ ሳይገባ፣ የአልዩ አምባው ሰው ሱብሒ ሳይሰገድ። ነርሷ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብላ ወደ ሰዓት ትለውጠዋለች። እነዚህ መስመሮች ሲሞሉ ያየሁት፣ ከረጅሙ ጉዞ ውስጥ መኪናው የሚወስደው ብዙ ጊዜ ትንሹን ክፍል መሆኑን ነው። ሾፌሩን «ለምን ዘገየህ» ስንል የኖርነው በማይመለከተው ሰዓት ነበር። ስልኩ ቃሬዛው ሲነሣ ከተደወለ መኪናው መገንጠያው ላይ ቀድሞ መቆም ይችላል፤ ዛሬ ከአንዳንድ ቅሬዎች ጋር የተስማማነው ይህንን ነው።

የቅሬው ጸሐፊ ደብተር አለው። አይቼዋለሁ። ወርኃዊ መዋጮው፣ ድንኳኑና ሰታቴው የት እንዳለ፣ ቃሬዛ ሲነሣ ቀርቶ መቀጫ ያለበት ሰው ስም፣ ሁሉም ተጽፏል። ማን እንዳልተሸከመ ይጻፋል፤ ተሸክመው የወሰዱት ሰው ግን ከደብተሩ የለም። እኔም የጸሐፊውን ሥራ ላለማብዛት አራት ነገር ብቻ ለመንኩ፤ ማንን አነሣችሁ፣ ምን አግኝቶት ነበር፣ መቼ ተነሣችሁ፣ በሕይወት ደረሰ ወይስ አልደረሰም። የቅሬው ዳኛ ለጉባኤው አቀረቡት፤ ክርክር ነበረበት፣ የሞተ ሰው መቁጠር የሚከብዳቸው ነበሩና። በመጨረሻ ፈቀዱ፤ ጸሐፊው በመቀጫው ገጽ ትይዩ ያለውን ነጭ ገጽ አሰመረበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየወሩ መጥታ ትገለብጠዋለች፤ ከእሷ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ከጤና ጣቢያው ወደ ወረዳው ይሄዳል። ሌሎች ቅሬዎችም እንዲያደርጉት እየዞርኩ እጠይቃለሁ፤ ጥያቄዬን ይዤ የምሄደው በወር በዓላቸው ቀን ነው፣ ሁሉም ተሰብስቦ ስለሚገኝ።